ዓሦች ሬሳ ሳይተዉ እየጠፉ ነው፤ ድንጋዩን ላፍርሰው?

ሰማያዊ_ገንዳ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ገንዳው 300 ሊትር የጨዋማ ውኃ አኳሪየም ነው። ከሥሩ ሳምፕ (ማጣሪያዎቹ ያሉበት ሁለተኛ ገንዳ)፣ ከኋላ ጥግ ላይ ደግሞ ውኃው ሞልቶ ወደ ሳምፑ የሚወርድበት ሳጥን (ኦቨርፍሎው) አለው። 30 ኪሎ ገደማ ላይቭ ሮክ (ሕያዋን ነገሮች የሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ) እና 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደቃቅ አሸዋ አለበት። ሙቀቱ 26 ዲግሪ፣ ጨውነቱ በሪፍራክቶሜትር 1.025፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት 10 ነው። ክዳኑ መስተዋት ሲሆን ከኋላ ለቱቦና ለገመድ ማሳለፊያ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቀርቷል።

የነበሩት ዓሦች ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማ፣ አንድ ፋየርፊሽ፣ አምስት አረንጓዴ ክሮሚስና አንድ ቢጫ ሃሊኮሬስ ናቸው። መጀመሪያ ፋየርፊሹ ጠፋ። ከዚያ ክሮሚሶቹ አንድ በአንድ እየቀነሱ ሁለት ብቻ ቀሩ። ሃሊኮሬሷ ገና በቅርቡ የገባች ናት፤ እሷም አትታይም። አንድም ሬሳ አልተገኘም።

ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ቀላ ያለ፣ በሁለት ጎኑ ነጭ ጸጉር ያለው ትል ከድንጋዩ ቀዳዳ ብቅ ይላል። አረንጓዴ ብሪትል ስታርም (ያ ክንዶቹ እንደ እባብ የሚጥመለመሉት የባሕር ኮከብ መሰል እንስሳ) ከሥር ይኖራል። እኔ የጠረጠርኩት ትሉን ነው። ድንጋዩን በሙሉ አውጥቼ ልፈትሸው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?


ሳምፕ_ጠባቂ

ወንድሜ፣ ድንጋዩን ለጊዜው አትንካው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ አሸዋ ከድንጋይ ሥር ኦክስጅን አይደርሰውም፤ እዚያ የሚከማቸው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ (የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ) በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ከተለቀቀ ያሉህንም ዓሦች ሊያሳጣህ ይችላል። ደግሞም የጠፉት ሁሉ በአንድ ምክንያት ጠፉ ብለህ አትነሣ። እኔ ከዝርዝርህ የማየው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ጉዳይ ነው።

ፋየርፊሹ፦ ያቺ 4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት። ፋየርፊሽ ሲደነግጥ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ በተለይ መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ወይም ሌላ ዓሣ ሲያባርረው። ገንዳው ከላይ ሲታይ ክፍተቱ ጠባብ ቢመስልም ዓሣው የመስተዋቱን ጠርዝ እየተከተለ ስለሚዋኝ በትክክል እዚያው ይወጣል። መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ እየተፈራገጠ ስለሚሄድ ከገንዳው ሥር ብቻ አትፈልግ። በተለይ ወለሉ ለስላሳ ከሆነ ዙሪያውን አንድ ሁለት ሜትር ያህል፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ፣ ከሶኬት ማከፋፈያው ሥር፣ ከመጋረጃው ግርጌ እይ። የደረቀ ፋየርፊሽ ቀለሙን ስለሚያጣ ደረቅ ቅጠል ይመስላልና በባትሪ ፈልግ። ቤት ውስጥ ድመት ካለ ግን ፍለጋው ምናልባት በከንቱ ነው።

(ለሌላ ጊዜ፦ መሬት ላይ የተገኘ ዓሣ ገላው ገና እርጥብ ከሆነ ሞቷል ብለህ አትጣለው። በገንዳው ውኃ አለቅልቀህ፣ አፉን ቀስ ብሎ ወደሚፈሰው ውኃ አዙረህ ለጥቂት ደቂቃ ያዘው። ደርቆ የቆየ የሚመስለው አንዳንዴ ይነሣል።)

ቀጥሎ ኦቨርፍሎው ሳጥኑን ክፈት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ትናንሽ ዓሦች በሳጥኑ አፍ ላይ ባለው ማበጠሪያ መሰል ወንፊት ጥርሶች መካከል አልፈው ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ሌላ ዓሣ የሚያሳድዳቸው ከሆነማ ፈልገው ነው የሚገቡት። እዚያ ደግሞ ከላይ የሚወርደውን ምግብ እየለቀሙ ለሳምንታት በሕይወት ሊቆዩ ይችላሉ። ውኃውን ከሳምፑ ወደ ገንዳው የሚመልሰውን ፓምፕ አጥፋ፤ የሳጥኑ ውኃ ዝቅ ሲል ባትሪ አብርተህ እስከ ወለሉ እይ፤ ካለ በትንሽ መረብ አውጣው። ከዚያ የማጣሪያ ከረጢቱን፣ የስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) ክፍል፣ የመመለሻ ፓምፑን መምጠጫ በየተራ። የገንዳው ውስጥ ፓምፖችንም መምጠጫ ተመልከት። ጤነኛ ዓሣ በፓምፕ አይያዝም፤ ተለጥፎ የተገኘ ዓሣ ቀድሞውኑ የደከመ ወይም የሞተ ነው።

መፍትሔው መረብ ነው። ለክዳኑ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ግልጽ መረብ ይበቃል፤ ጣት የማታክል ጎቢ (ትንሽዬ ዓሣ) ካለህ 3 ሚሊ ሜትር። የቱቦው መግቢያ ዙሪያም ክፍት አይቅር። ኦቨርፍሎው ላይ ግን በጣም ጠባብ መረብ አታድርግ፤ አልጌና ቆሻሻ ይደፍነዋል፣ የገንዳው ውኃ ከፍ ይልና ወለል ላይ ይፈሳል። እዚያም 6 ሚሊ ሜትሩን አድርግና በየሳምንቱ በብሩሽ አጽዳው።

ሃሊኮሬሷ ደግሞ ጠፍታ ላይሆን ይችላል። ይህ ዓሣ ሌሊቱን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል፤ አዲስ ሲገባ ወይም ሲፈራ ቀንም ቢሆን ለበርካታ ቀናት፣ አንዳንዴ ከሳምንት በላይ ሳይወጣ ይቆያል። ከመጣበት ቦታ የሰዓት ልዩነት የተነሣም በእኛ ንጋት ወጥቶ መብራቱ ሳይበራ ተመልሶ የሚገባ አለ። አሸዋውን በዱላ አትቆፍር፤ ታቆስላታለህ። የገንዳው መብራት ሳይበራ ማልደህ ተመልከት፤ ትንሽ የቀዘቀዘ ሚሲስ ሽሪምፕ በቱቦ አድርገህ ወደ አሸዋው አጠገብ ጣል።


የጨው_ሚዛን

ሳምፕ_ጠባቂ ስለ ሁለቱ ያሉት በቂ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ክሮሚሶቹ ናቸው።

በቅድሚያ ሬሳ አለመገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ ማታ ቢሞት ናሳሪየስ ቀንድ አውጣዎች፣ ሄርሚት ክራቦች፣ ጸጉራም ትሎችና ብሪትል ስታሩ ተረባርበው እስከ ጠዋት አጽሙን እንኳ አያስተርፉትም። ለዚህ ሥራ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ ትሉ ሬሳ ላይ ቢታይ እንኳ ገዳይነቱን አያስረዳም። ቀላ ያለ፣ ነጭ ጸጉር በየጎኑ ያለው የተባለው ተራ ብሪስል ዎርም ነው፤ የሞተ ይበላል፣ የተረፈ ምግብ ያጸዳል፣ ጤነኛ ዓሣ አሳድዶ አይዝም። በባዶ እጅ አይነካ ብቻ፤ ጸጉሩ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። የወጋው ሰው ቦታውን ሳያሽ በፕላስተር ለጥፎ ይንቀለው።

የአሞኒያ መለኪያውም ዜሮ በማሳየቱ አይዘናጉ። ሥራውን የጀመረ 300 ሊትር ገንዳ ከአንዲት ትንሽ ዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ ሳይታወቅ ያብላላዋል። መለኪያው ከፍ የሚለው ትልቅ ዓሣ፣ ለምሳሌ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ታንግ፣ ድንጋይ ሥር ሞቶ ሲበሰብስ ነው። እንዲያ ያለ ዓሣ ከጠፋ በየቀኑ ይለኩ፤ ከዜሮ ካለፈ ውኃውን 20 በመቶ ይቀይሩ፣ አክቲቭ ካርቦን ያስገቡ፣ ያን ጊዜ ድንጋይ ማንሣትም ተገቢ ይሆናል። ለክሮሚስ ግን አያስፈልግም።

ታዲያ ክሮሚስ ለምን አንድ በአንድ ይቀንሳል? ሁለት የታወቁ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው በመካከላቸው ያለው የበላይነት ነው። በባሕር ላይ መንጋው ብዙ ስለሆነ ጥቃቱ ይከፋፈላል፤ በገንዳ አምስት ሲሆኑ ግን ሁሉም ዱላ በታናሹ ላይ ያርፋል። ታናሹ ከመብል ይገለላል፣ ከስቶ ይሞታል፣ ቀጥሎ ያለው ተረኛ ይሆናል። ምልክቱ በምግብ ሰዓት ከመንጋው ተነጥሎ ጥግ የሚይዝ፣ ክንፉ የተበጣጠሰ ዓሣ ነው። ሁለተኛው ዩሮኔማ የሚባለው ተውሳክ ነው፤ ክሮሚስን በተለይ ይወዳል። ጎኑ ላይ ቀይ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ቁስል ካዩ እሱ ነው፤ በአንድ በሁለት ቀን ይገድላል። ዩሮኔማ ያለ ዓሣም ገንዳ ውስጥ ስለሚኖር ገንዳውን ባዶ ማቆየት አያጠፋውም።

ከሁሉ የከፋው ቬልቬት የሚባለው የተውሳክ በሽታ ነው (አሚሎኦዲኒየም)። ቬልቬት በቀናት ውስጥ ገንዳ ባዶ ያደርጋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ የቀሩትን ክላውንፊሾችና ግራማውን ይመልከቱ፦ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ? በፓምፑ ፍሰት ፊት ቆመው ውኃ ይቀበላሉ? ከመብራት ይሸሻሉ? ባትሪ በጎን ሲበራባቸው ገላቸው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል? ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ስለ ትልና ስለ ኮከብ መነጋገሩን ትተው የቀሩትን ሁሉ ወደ ለይቶ ማቆያ ገንዳ ያውጡ። ሕክምናው ኬሌትድ ኮፐር (የመዳብ መድኃኒት) ነው፤ ከ2.25 እስከ 2.5 ሚሊግራም በሊትር፣ ለ30 ቀን፣ በየቀኑ በመለኪያ እየታየ። መጠኑ አንዴ እንኳ ዝቅ ካለ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ኮፐር ዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ኮራሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ሽሪምፑን ይፈጃል፣ ድንጋዩም ይመጥጠዋል። ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ ይቆያል፤ ነጭ ነጠብጣብ (ክሪፕቶካሪዮን) አብሮ ሊኖር ስለሚችል ብዙዎች የሚጠብቁት 76 ቀን ነው። ክላውንፊሽ ላይ ወፍራም ንፍጥ ከታየ ግን ብሩክሊኔላ የሚባለው ሌላ ተውሳክ ሊሆን ይችላል፤ ለሱ ኮፐር አይሠራም፣ በፎርማሊን ነው የሚታከመው።

ቆጠራውን ደግሞ ሥርዓት ያስይዙት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ፓምፖቹን ለ10 ደቂቃ አጥፍተው፣ ምግብ ሰጥተው ይቁጠሩና ይጻፉ። «የሆነ ቀን ጠፋ» ከማለት «ማክሰኞ ማታ በልቷል፣ ረቡዕ ማታ የለም» ማለት ብዙ ይለያል፤ በልቶ ያደረ ዓሣ በማግስቱ ከጠፋ ከበሽታ ይልቅ ዘላይነት ወይም አዳኝ ይጠረጠራል።


ሌሊት_ታዛቢ

ትሉ ነፃ ነው፤ ተስማምቻለሁ። ኮከቡ ግን ነፃ አይደለም! «አረንጓዴ» ያልከው ኦፊያራክና ኢንክራሳታ ከሆነ ዓሣ የሚያድን ነው። ሌሊት በክንዶቹ ጫፍ ቆሞ አካሉን ከፍ ያደርግና ከሥሩ ዋሻ ይሠራል፤ የሚተኛበት ቦታ የሚፈልግ ዓሣ ይገባለታል፣ ከዚያ ክንዶቹን አጣምሮ ይወድቅበታል። ክሮሚስና ትናንሽ ጎቢዎች የሚጠፉት እንዲህ ነው። ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ባለ ቀለበት ክንድ ያላቸው ሌሎቹ ብሪትል ስታሮች በአብዛኛው ጉዳት የላቸውም።

ሌሎችን ተጠርጣሪዎች ለመለየት መብራት ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቀይ ብርሃን ተጠቀም (ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ ማሰር ይበቃል)። አብዛኞቹ የሌሊት ፍጥረታት ቀይ ብርሃን ብዙም አይታያቸውም። የምትፈልጋቸው፦

ማንቲስ ሽሪምፕ። ከድንጋይ ውስጥ ጠንከር ያለ የ«ጠቅ» ድምፅ ይሰማል፤ ቀዳዳው አፍ ላይ የተሰባበረ የቀንድ አውጣና የሸርጣን ቅርፊት ይከመራል፤ ዓይኖቹ በዘንግ ላይ ሆነው ለየብቻ ይዞራሉ። ሲረበሽ ግን ፒስቶል ሽሪምፕም እንዲሁ ይተኩሳል፣ አንዱ ጥፍሩ ከሌላው እጅግ ይበልጣል፣ ዓሣም አይነካም። ድምፅ ብቻ ሰምተህ አትፍረድ።

ሸርጣን። ጸጉራም፣ የጥፍሩ ጫፍ ጥቁር የሆነ ሸርጣን እያደገ ሲሄድ የተኛ ዓሣ ይይዛል።

ዩኒስ (ቦቢት ዎርም የሚባለው)። ከተራው ትል የሚለየው ራሱ ላይ ባሉት አምስት አንቴናዎችና በገላው እንደ ነዳጅ ጠብታ በሚያብረቀርቅ ቀለም ነው። ብርሃን ሲነካው በቅጽበት ይሰወራል። በጣም ብርቅ ነው፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ግን እሱኑ ነው። ሰው የሚያነሣውም በ2009 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ኒውኪ ከተማ ባለው ብሉ ሪፍ አኳሪየም የተገኘውን ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ትል ነው፤ ዓሣ እየቆሰለ፣ ኮራል እየተቆረጠ ሲቸገሩ ድንጋዩን አፍርሰው ነው ያገኙት። ቤትህ ያለው ግን እሱ ነው ብለህ አትጀምር።

ኮራል ካለህ ደግሞ ትልልቁን የዝሆን ጆሮ እንጉዳይ (አምፕሌክሲዲስከስ፤ ኮራል መሰል እንስሳ ነው) አትርሳ፤ ጠፍጣፋው አካል ጠርዙን ሰብስቦ እንደ ከረጢት ይዘጋል፣ ውስጥ የገባ ዓሣ አይወጣም። ካርፔት አኒሞንም ያው ነው።


ሰማያዊ_ገንዳ

አመሰግናለሁ። የቀሩት ዓሦች አተነፋፈሳቸው ደህና ነው፣ ይበላሉም። አንዱ ክሮሚስ ግን ክንፉ ተበጣጥሷል። ኮከቡ በእርግጥ አረንጓዴ ነው፤ ክንዶቹ አጭር አጭር እሾህ አላቸው። በደንብ ባበላው ማደን ይተዋል? ካልተወስ ድንጋይ ሳላፈርስ እንዴት ነው የማወጣው?


ሳምፕ_ጠባቂ

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሽሪምፕ ቁራሽ በረጅም ወረንጦ እየሰጡ ለዓመታት የሚያቆዩት አሉ። ትልልቅ ዓሦች ብቻ ባሉበት ገንዳ ይሁን።


ሌሊት_ታዛቢ

እኔ በዚህ አልስማማም። ማብላት አደኑን ይቀንስ ይሆናል እንጂ አያስቀርም፤ ጠግቦም አጋጣሚ ካገኘ ይይዛል፣ ስትመግበው ደግሞ ያድጋል። ያንተ ዓሦች ትናንሽ ናቸው። አውጣው።

ማውጣቱ ከባድ አይደለም። ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ ጫፉ በመረብ ደፍነህ መሐሉ ላይ ጥሬ ሽሪምፕ አስገባ። እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ እሰርበት። መብራት እንደጠፋ ኮከቡ ከሚኖርበት ሥር አጠገብ አጋድመው። ምግቡን ሸትቶ ሙሉ ለሙሉ ሲገባ ሁለቱንም ጫፍ ይዘህ አውጣ። ክንዱን ይዘህ አትጎትት፤ ክንዱን ጥሎ ያመልጥሃል። ከዚያ ለሚቀበል ትልቅ ገንዳ ስጠው።

ለሸርጣን ደግሞ ለስላሳ ብርጭቆ በቂ ነው፦ ታችኛው ላይ ምግብ አድርገህ በድንጋዩ ላይ አስደግፈህ አጋድመው። ወርዶ ይገባል፣ ብርጭቆው ስለሚያንሸራትተው መውጣት ያቅተዋል። ለማንቲስ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠህ ወደ ውስጥ ገልብጠህ ትሠራለህ። ጠርሙሱን እስከ ንጋት አትተወው፤ ውኃው ስለማይዘዋወር ኦክስጅን ያልቃል፣ በስህተት የገባ ዓሣ ታፍኖ ይሞታል።

ማንቲሱ የሚኖርበትን ድንጋይ በትክክል ካወቅህ ያንኑ አንዱን ድንጋይ ብቻ አውጣና ባልዲ ላይ ይዘህ ጋዝ ያለው ውኃ በስሪንጅ ቀዳዳው ውስጥ ግፋ፤ ተፈናጥሮ ይወጣል። ገንዳው ውስጥ ሆኖ አይደረግም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የውኃውን ፒኤች ያወርደዋል። ቀዳዳውን ካላወቅህ ድንጋዩን ጨውነቱ 1.040 በሆነ፣ ሙቀቱ ከገንዳው በተስተካከለ የጨው ውኃ ውስጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ንከረው፤ ተደብቀው የነበሩት ይወጣሉ። ጓንትና መነጽር አድርግ። ድንጋዩ ላይ ዞአንተስ ወይም ፓሊቶአ (ኮራል መሰል እንስሳት) ካለ አትፈትገው፣ ሙቅ ውኃም አታፍስበት፤ ውስጣቸው ሊኖር የሚችለው ፓሊቶክሲን አደገኛ መርዝ ነው።


የጨው_ሚዛን

ክንፉ ስለተበጣጠሰው ክሮሚስ፦ ሁለት ሲቀሩ አንዱ ሌላውን እስኪጨርስ አይተወውም። የተጎዳውን ዛሬውኑ ለይተው ያቆዩት፤ 40 ሊትር የሚይዝ ባዶ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ ባክቴሪያ ያለበት ስፖንጅ ማጣሪያና መደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ይበቃዋል። ጎኑን በየቀኑ ይዩት፤ ቀይ ነገር ካልታየ ዱላው እንጂ ተውሳኩ አልነበረም ማለት ነው። ካገገመ በኋላ ወደዚያው ገንዳ አይመልሱት።

በምትኩም ክሮሚስ አይጨምሩ። ሌላ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ኮከቡ ይውጣ፣ የኋላው ክፍተት በመረብ ይዘጋ፣ አዲሱም ዓሣ 30 ቀን በለይቶ ማቆያ ይቆይ። መብራቱን ደግሞ በአንድ ጊዜ እንዳይጠፋ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ እየደበዘዘ እንዲሄድ ያስተካክሉት፤ ከዚያ በኋላ ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ቢቀር ይመረጣል።


ሳምፕ_ጠባቂ

ሃሊኮሬሷን አደራ፣ ወጥመድ ስታስቀምጥ አሸዋውን አትጫን። ቱቦውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳርፈው።